የገና ምሽት ቴሌቪዥንና የፒኮክ ኮሚቴ ስሕተት፦ ለቢቢሲ መክፈል ተገቢ ስለመሆኑ

1. የክርክሩ መነሻ

በብሪታንያ ዲሴምበር በገባ ቁጥር ሁለት ቅሬታዎች ተያይዘው ይነሣሉ። የመጀመሪያው የገና ፕሮግራም ከዓመት ዓመት እየወረደ መጥቷል የሚል ነው። ሁለተኛው ከዚሁ ይቀጥልና እንዲህ ላለው ፕሮግራም ለቢቢሲ መክፈል ምን ይረባል ይላል። ክፍያው በዋዛ የሚታይ አይደለም። በየትኛውም ጣቢያ የቀጥታ ስርጭት የሚከታተል ወይም የቢቢሲን አይፕሌየር የሚጠቀም ቤተሰብ የቴሌቪዥን ፈቃድ ይከፍላል፤ በኤፕሪል 2025 ክፍያው በዓመት 174.50 ፓውንድ ነበር፤ ሳይከፍል የሚያይ በወንጀል ሊከሰስ ይችላል። ቢቢሲ የሚተዳደርበት ንጉሣዊ ቻርተር ደግሞ በ2027 መጨረሻ ያበቃል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ገና የምለውም ዲሴምበር 25 የሚከበረውን ነው።)

ይህ መጣጥፍ የሚያቀርበው ክርክር አንድ ነው። ከ1986ቱ የፒኮክ ኮሚቴ ሪፖርት ወዲህ የቢቢሲ ክፍያ የሚመረመርበት መለኪያ የተሳሳተ ነው፤ ስሕተቱም ከየትኛውም ቀን ይልቅ በገና ዕለት ጎልቶ ይታያል። ኮሚቴው የፕሮግራምን ዋጋ የለካው እያንዳንዱ ቤተሰብ ለብቻው በሚያገኘው ጥቅም ነው። የገና ፕሮግራም ዋጋ ግን በአብዛኛው የሚመነጨው ጎረቤትም፣ ዘመድም፣ የሥራ ባልደረባም ያንኑ ነገር በዚያው ሰዓት በማየቱ ነው። ይህን ዋጋ የደንበኝነት ክፍያ ሊያስገኘው አይችልም።

2. የቀደሙ ጥናቶች

ብሮድካስት ከብሔራዊ በዓላት ጋር ስላለው ቁርኝት ፓዲ ስካነልና ዴቪድ ካርዲፍ በ1991፣ ዳንኤል ዳያንና ኤሊሁ ካትዝ በ1992 ያሳተሟቸው መጻሕፍት በቂ መሠረት ጥለዋል፤ በዚያ የምጨምረው የለኝም። ሮናልድ ኮዝ በ1950 በቢቢሲ ሞኖፖሊ ላይ ያቀረበው ትችትም የንግድ ጣቢያው አይቲቪ በ1955 ሥራ ሲጀምር ዋና ዒላማውን አጥቷል።

ትኩረት የሚገባው በ1964 የኢኮኖሚ ሊቃውንቱ ፖል ሳሙኤልሰንና ጆራ ሚናሲያን ያደረጉት ክርክር ነው። በሳሙኤልሰን አስተያየት አንድ ስርጭት አየር ላይ ከዋለ በኋላ ተጨማሪ ተመልካች ተጨማሪ ወጪ ስለማያስከትል፣ ያልከፈለውን መከልከል ብክነት ነው። ሚናሲያን በበኩሉ ክፍያ ከሌለ ተመልካቹ ምን ምን እንደሚፈልግ፣ ምን ያህልም እንደሚፈልግ የሚታወቅበት መንገድ የለም ሲል ተከራከረ። የሁለቱም ክርክር ብልህ ነው፤ ሆኖም ሁለቱም ተመልካቹን ያሰቡት ብቻውን እንደተቀመጠ ሰው አድርገው ነው። የአንዱ ማየት ለሌላው ጥቅም ሊጨምር መቻሉ ከሁለቱም ሒሳብ ውጭ ቀረ። የፒኮክ ኮሚቴ ይህን ጉድለት ወርሶ ወደ መንግሥት ሰነድ አስገባው።

3. ኮሚቴው ያለውና የዘለለው

ኮሚቴው በማርጋሬት ታቸር መንግሥት በ1985 ተቋቋመ። ሰብሳቢው የኢኮኖሚ ሊቁ አላን ፒኮክ ሲሆን፣ ከአባላቱ መካከል የፋይናንሻል ታይምሱ ጸሐፊ ሳሙኤል ብሪታን በሐሳብ ጎልቶ ይታይ ነበር። ብዙዎች የጠበቁት ቢቢሲ ማስታወቂያ እንዲያስተላልፍ ይፈቅዳል ብለው ነበር። በጁላይ 1986 የወጣው ሪፖርት ግን ማስታወቂያውን አልተቀበለም። ማስታወቂያ የሚሸጥ ጣቢያ ዋና ደንበኛው ተመልካቹ ሳይሆን ማስታወቂያ አስነጋሪው እንደሚሆን፣ የፕሮግራሙም ዓይነት እንደሚጠብ በግልጽ አስቀመጠ። በዚህ በኩል ሪፖርቱ እስከ ዛሬ ምስጋና ይገባዋል።

ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነው። ሪፖርቱ ሦስት ደረጃ ያለው ጉዞ ነደፈ። በመጀመሪያው ደረጃ የፈቃድ ክፍያው ከዋጋ ንረት ጋር ተያይዞ ይቀጥላል። በሁለተኛው ቴክኖሎጂው ሲፈቅድ ቢቢሲ በአብዛኛው በደንበኝነት ክፍያ ይተዳደራል። በሦስተኛው ተመልካች እንደ መጽሐፍ ገዢ የሚፈልገውን ብቻ እየመረጠ የሚከፍልበት ሙሉ ገበያ ይፈጠራል። ገበያው የማያቀርበውን ደግሞ አንድ ምክር ቤት በሕዝብ ገንዘብ ይደጉመዋል። የንድፉ ሁሉ መሠረት የሸማች ሉዓላዊነት የሚባለው መርሕ ነው።

ታዲያ በሕዝብ ገንዘብ ሊደጎም የሚገባው ምንድን ነው? ሪፖርቱ በአራት ጠቅልሎ አስቀመጠው፦ እውቀት፣ ባህል፣ ትችትና ሙከራ። ዜናው፣ ዘጋቢ ፊልሙ፣ ሳይንሱ፣ ሥነ ጥበቡ፣ አወዛጋቢው ውይይት በእነዚህ ሥር ገባ። ዝርዝሩ የተከበረ ነው፤ ነገር ግን ሳቅ የለበትም። ሙሉ ቤተሰብ ከምሳ በኋላ ተሰብስቦ የሚያየው ኮሜዲ፣ አገር በሙሉ በማግስቱ የሚያወራበት ተከታታይ ድራማ፣ ሕፃንና አያት አብረው የሚከታተሉት አኒሜሽን በአራቱም ውስጥ ስፍራ አላገኙም። ኮሚቴው እነዚህን ገበያው ራሱ ያቀርባቸዋል ብሎ ተዋቸው። ቢቢሲ ገበያው ያልደረሰበትን ቀዳዳ ብቻ ይድፈን የሚለው ዛሬም የሚሰማ ክርክር የዚህ ዝርዝር ልጅ ነው። ከዝርዝሩ የቀረው አምስተኛ ነገር በዓል ነው።

4. ማስረጃው

ሪፖርቱ በወጣ በአምስተኛው ወር፣ ገና ዕለት፣ ቢቢሲ «ኢስትኤንደርስ» የተባለውን ተከታታይ ድራማ አስተላለፈ። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ዴን ለሚስቱ ለአንጂ የፍቺ ወረቀት የሰጠበት ክፍል ነበር። የተመዘገበው የተመልካች ቁጥር 30.15 ሚሊዮን ነው። የብሪታንያ ሕዝብ በዚያን ጊዜ 57 ሚሊዮን ገደማ ነበርና ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ቁጥሩ የገናውን ስርጭትና በኋላ የተላለፈውን ድጋሚ ደምሮ የያዘ ስለሆነ አንዳንዶች ያናንቁታል። እኔ በተቃራኒው ነው የማነበው። ዕለቱን ያመለጠው ሰው ከአገሩ ወሬ ውጭ ላለመሆን ድጋሚውን ፈልጎ ማየቱ የጋራው ዋጋ ምን ያህል እንደነበረ ይመሰክራል። በ1977 የኮሜዲያኖቹ የሞርካምና ዋይዝ የገና ትርኢት ያገኘው ተመልካችም እንደ አቆጣጠሩ ከ21 እስከ 28 ሚሊዮን ይገመታል። በየትኛውም ግምት የአንድ ኮሜዲ ተመልካች ብቻ አይደለም፤ የአገር ጉባኤ ነው።

አሁን የፒኮክን ሁለተኛ ደረጃ በዚህ ላይ እናሳርፈው። ቢቢሲ በደንበኝነት ቢሆን ኖሮ ከመንገዱ ቤቶች የተወሰኑት ይከፍላሉ፣ ሌሎቹ ይተዋሉ። የከፈለው ቤት ያንኑ ድራማ ያያል፤ ነገር ግን በማግስቱ የሚያወራው ሰው ይቀንስበታል። የተመልካቹ ቁጥር ሲቀንስ የከፈለውም ያገኘው ጥቅም አብሮ ይቀንሳል። ደመራ በየግቢው ለየብቻ ቢለኮስ እሳት ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ደመራ የሚያሰኘው ሁሉም በአንድ ሰዓት በአንድ አደባባይ መቆሙ ነው። ሚናሲያን ክፍያ መረጃ ነው ሲል ልክ ነበር፤ ክፍያው የሚያስገኘው መረጃ ግን ተመልካቹ ለብቻው ስለሚፈልገው ብቻ ነው።

የገበያው ወገን ከሞላ ጎደል ችላ ያለው ሁለተኛ ማስረጃ በ2015 የወጣ ጥናት ነው። ቤተሰቦች ለዘጠኝ ቀን ከቢቢሲ ቴሌቪዥን፣ ሬዲዮና ድረ ገጽ እንዲርቁ ተደረገ፤ የዘጠኙ ቀን የፈቃድ ክፍያም በእጃቸው ተሰጣቸው። ከተሳታፊዎቹ 48ቱ ቀድሞ ምንም መክፈል የማይፈልጉ ወይም ያነሰ እንክፈል የሚሉ ነበሩ። ዘጠኙ ቀን ሲያልቅ 33ቱ ሐሳባቸውን ለውጠው በጊዜው 145.50 ፓውንድ የነበረውን ሙሉውን ክፍያ እንከፍላለን አሉ። የሸማች ሉዓላዊነት ሸማቹ ምን እንደሚያጣ አስቀድሞ ያውቃል ብሎ ይነሣል። እነዚህ ቤተሰቦች ግን ያወቁት ካጡ በኋላ ነው። ጥናቱን ያስጠናው ቢቢሲ ራሱ መሆኑ ይነሣል፤ ይሁንና ሐሳባቸውን የለወጡት አስጠኚው ሳይሆን ለመክፈል እምቢ ያሉት ሰዎች ናቸው።

5. ስለ ጥራት

ጥራት ወርዷል የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ድጋሚውንና ቀልዱን ይቆጥራሉ። በዚህ ላይ የተሻለው መመሪያ በ1962 የወጣው የፒልኪንግተን ኮሚቴ ሪፖርት ነው። ይህ ሪፖርት ተራውን መዝናኛ የናቀ ሰነድ ተደርጎ ስለሚታወስ በትክክል የሚያነበው ጥቂት ነው። ሪፖርቱ ግን ተራነት በርእሱ እንደማይወሰን በግልጽ ተናግሯል፤ በድራማም፣ በወቅታዊ ጉዳይም፣ በሃይማኖታዊ ፕሮግራምም እንደ ኮሜዲው ሁሉ ሊገኝ ይችላል። ወሳኙ የተያዘበት መንገድ ነው። ፒኮክ ከ24 ዓመት በኋላ ርእስ እየለየ ዝርዝር ሲያወጣ ይህን አንቀጽ ሽሮታል።

መለኪያውን በአንድ ሥራ ላይ እንሞክረው። ዲሴምበር 26 ቀን 1993 ቢቢሲ ሁለት «ዘ ሮንግ ትራውዘርስ»ን አስተላለፈ። በብሪስቶሉ አርድማን ስቱዲዮ በኒክ ፓርክ የተሠራ የግማሽ ሰዓት ያህል የፕላስቲሲን አኒሜሽን ነው። አሻንጉሊቶቹ በእጅ ጥቂት ጥቂት እየተንቀሳቀሱ አንድ በአንድ ፎቶ ይነሣሉ። መጨረሻው ላይ ውሻው ግሮሚት ሌባውን ፔንግዊን በመጫወቻ ባቡር ሲያሳድድ ሐዲዱ ያልቅበታል። ከሣጥን ሐዲድ እየመዘዘ ከሚሮጠው ባቡር ፊት ፊት ያነጥፋል። ውሻው ቃል አይናገርም፤ ፔንግዊኑም ፊቱ አይለወጥም፤ ሆኖም የአራት ዓመት ልጅም አያቱም እኩል ይሥቃሉ፣ እኩል ይጨነቃሉ። በርእሱ ከፒኮክ አራት ዘርፎች በአንዱም አይገባም። በአያያዙ ግን ኦስካር የተሸለመ ሥራ ነው።

ድጋሚም ቢሆን በበዓል ቀን ራሱን የቻለ ትርጉም አለው። ከካምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ የሚተላለፈው የገና ዋዜማ የንባብና የመዝሙር ሥርዓት በሬዲዮ የጀመረው በ1928 ነው። ከ1919 ጀምሮ ሥርዓቱ የሚከፈተው በአንድ ሕፃን ዘማሪ ብቸኛ ድምፅ፣ በዚያው መዝሙር ነው። ከ1983 ወዲህ ግን በየዓመቱ አዲስ መዝሙር ለአቀናባሪ እየታዘዘ ይገባበታል። ነባሩን ጠብቆ አዲሱን መጨመር የበዓል ፕሮግራም ሁሉ ሊመዘንበት የሚገባ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ቢቢሲ በዚህ በኩል መወቀስ ያለበት ድጋሚ በማሳየቱ ሳይሆን አዲስ ሳያስገባ ድጋሚ ባሳየ ጊዜ ነው።

6. መቃወሚያዎች

የመጀመሪያው ንግድ ጣቢያም ጥሩ የገና ፕሮግራም ይሠራል የሚለው ነው። በ1982 ገና ሰሞን የታየው «ዘ ስኖውማን» ይጠቀሳል፤ ያቀረበው ግን ቻናል 4 ነው። ቻናል 4 በሕግ የተቋቋመ የሕዝብ ጣቢያ ሲሆን በዚያን ጊዜ ወጪውን የሚሸፍኑት ማስታወቂያውን የሚሸጡለት የአይቲቪ ኩባንያዎች ነበሩ። ምሳሌው የሚረዳው እኔን ነው።

ሁለተኛው ኔትፍሊክስ በመጣበት ዘመን አብሮ ማየት ቀርቷል ይላል። በ2024 ገና ምሽት የቢቢሲ ኮሜዲ «ጋቪን ኤንድ ስቴሲ» በዚያው ሌሊት ብቻ 12.3 ሚሊዮን ተመልካች አገኘ። ቁጥሩ ከ1986ቱ ያንሳል፤ ይሁን እንጂ ሁሉም የየራሱን ስልክ በያዘበት ዘመን የተገኘ ነው። በዚያው ዕለት የግሮሚትና የፔንግዊኑ አዲስ ፊልም በብሪታንያ በቢቢሲ ታየ፤ ለቀረው ዓለም ኔትፍሊክስ ያቀረበው በጃንዋሪ 2025 ነው። ኩባንያው የገዛው በሕዝብ ጣቢያ ሠላሳ ዓመት የተለመደ ገጸ ባሕርይ ነበር።

ሦስተኛው ለሀብታምም ለድሃም እኩል ክፍያ ፍትሕ አይደለም የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። መፍትሔው ግን ክፍያውን ማጥፋት አይደለም፤ ፊንላንድ ከ2013 ጀምሮ እንዳደረገችው እንደ ገቢ መጠን ማስከፈል ነው።

7. መደምደሚያ

የቀረበው ማስረጃ ከአንድ አገርና ከአንድ በዓል የተወሰደ ስለሆነ ድምዳሜውን ወደ ሌላ አገር ለማሻገር ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል። ስለ ብሪታንያ ግን ፍርዱ ግልጽ ነው። የቢቢሲ ፈቃድ በ2025ቱ ዋጋ በቀን 48 ፔንስ ገደማ ይመጣ ነበር፤ በዚህ ገንዘብ ቤተሰቡ ከሚያያቸው ፕሮግራሞች በተጨማሪ ሌላውም አብሮት እንዲያይ ዋስትና ይገዛል። ከ2027 በኋላ የሚጸናው ቻርተር ከፒኮክ አራት ዘርፎች ጋር በዓልን አምስተኛ አድርጎ በግልጽ ሊጽፍ፣ ለገና አዳዲስ ሥራዎችም የተለየ በጀት ሊያስቀምጥ ይገባል። ደንበኝነት ይሻላል የሚል ሰው አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፦ የአንዱን ቤት በር ክፍያ ሲዘጋው የጎረቤቱ ያጣው ጥቅም በማን ሒሳብ ይመዘገባል? የፒኮክ ሪፖርት ይህን አልጠየቀም፤ ተከታዮቹም እስካልመለሱት ድረስ የግዴታው ክፍያ የተሻለው አማራጭ ሆኖ ይቆያል።