ከእስር ቤት ወደ ቤተ መንግሥት፣ ከቤተ መንግሥት ወደ እስር ቤት

በየመኝታ ክፍላችን ማታ ማታ የማይቀር አንድ ክርክር አለ፤ ሰው ሥልጣን ሲይዝ ለምን ይለወጣል? አንዱ «ተፈጥሮው ነው» ይላል። ሌላው «ድሮም ሲያስመስል ነበር» ብሎ ይዘጋዋል። እኛ ግን ሁለቱም የሰነፍ መልስ ይመስሉናል። እስቲ የጋናን ታሪክ ቀረብ ብለን እንየው። (ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በ1947 በጎልድ ኮስት ጠበቃው ጄ. ቢ. ዳንኳና ጓደኞቹ አንድ የፖለቲካ ማኅበር አቋቋሙ። ዋና ጸሐፊ ሲፈለግ አኮ አጄ በአሜሪካ ተማሪ ሳለ የሚያውቀውን ክዋሜ ንክሩማህን ጠቆመ። ንክሩማህም በዚያው ዓመት መጨረሻ አገሩ ገባ። በ1948 የቀድሞ ወታደሮች አቤት ሊሉ ወደ ገዥው ቤት ሲያመሩ ፖሊስ ተኩሶ ሦስቱን ገደለ፤ አክራም በሁከት ታመሰች። እንግሊዞች ስድስት የማኅበሩን መሪዎች ያለ ፍርድ አሰሩ። ዳንኳ፣ አኮ አጄና ንክሩማህ ሦስቱም ከስድስቱ ውስጥ ነበሩ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ እነዚህ ሰዎች ያለ ፍርድ መታሰር ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ አልተማሩትም።

ንክሩማህ በ1949 የራሱን ፓርቲ መሠረተ። «ራስን ማስተዳደር አሁኑኑ!» አለ። በጥር 1950 ሠራተኛው ሥራ እንዲያቆም ጠርቶ ታሰረ። የሴኮንዲ ታኮራዲ የባቡር ሠራተኞች ያኔ የአድማው ጀርባ አጥንት ነበሩ። በ1951 ምርጫ እስር ቤት ሆኖ አሸነፈ፤ ከክፍሉ ወጥቶ መንግሥት መራ። መጋቢት 6 ቀን 1957 ጋና ነፃ ወጣች።

ከዚያስ? ዓመት ከመንፈቅ እንኳ ሳይሞላ፣ በ1958፣ መንግሥት የጠረጠረውን ሰው ያለ ፍርድ እስከ አምስት ዓመት የሚያስርበት ሕግ ወጣ። ሕጉ በጨለማ አልወጣም፤ በምክር ቤት ድምፅ ተሰጥቶበት ነው። በ1961 የበጀቱ ጫና ያስመረራቸው እነዚያው የሴኮንዲ ታኮራዲ የባቡር ሠራተኞች ሥራ ሲያቆሙ መሪዎቻቸው ታሰሩ። በ1950 የነፃነት መሣሪያ የነበረ አድማ በ1961 ክህደት ተባለ። ያው ሠራተኛ፣ ያው ሐዲድ!

በ1960 ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ዳንኳ በ1961 ታሰረ፤ ተፈታ፤ በ1964 እንደገና ታሰረ። ከእስር ቤት ለድሮ ባልንጀራው አቤቱታ ጻፈ። በ1965 ንሳዋም እስር ቤት ውስጥ ሞተ። አኮ አጄማ ሕጉ ሲወጣ ከሚኒስትሮቹ አንዱ ነበር። በ1962 በንክሩማህ ላይ ቦምብ ሲጣል ተጠርጥሮ በዚያው ሕግ ተያዘ። ፍርድ ቤት በ1963 ነፃ ሲለው ንክሩማህ የፍርድ ቤቱን ፕሬዚዳንት አነሣ። በሌላ ችሎት ሞት ተፈረደበት፤ ቅጣቱ ወደ እስራት ተለወጠ።

ሰውየው አስመሳይ ነበር ማለት ነው? እኛ አይመስለንም። የአኮሶምቦን ግድብ ሠርቷል፣ ትምህርት ቤት አስፋፍቷል። በ1963 አዲስ አበባ ላይ ስለ አፍሪካ አንድነት የተናገረውም ከልቡ ነበር፤ ሐውልቱ ዛሬም እዚሁ በአፍሪካ ኅብረት ግቢ ቆሟል። ቦምቡም የፈጠራ ወሬ አልነበረም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ዓላማውን አልጣለም፤ ዓላማውንና ራሱን አንድ አደረገ። «እኔን የሚቃወም አፍሪካን ይቃወማል» ማለት የጀመረ ሰው የቅኝ ገዥውን ቁልፍ ማንሣት አይከብደውም። ያ ቁልፍ ቂም የለውም፤ ለያዘው ሁሉ ይከፍታል። በ1966 ንክሩማህን የገለበጡት መኮንኖችም እስረኞቹን ፈትተው፣ በቦታቸው የእሱን ሰዎች ያለ ፍርድ አስገቡ።

ሩቅ አንሂድ። በ1966 ዓ.ም. በእኛ አገር «ያለ ምንም ደም» ተብሎ ሲዘመር ብዙ ተማሪ አጨብጭቧል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። «እነሱ የድሮ ሰዎች ናቸው» ያለም ነበር። ብዙ ሳይቆይ ተራው የተማሪው ሆነ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያልን ያደግን ልጆች ነን። ነገ ከእኛም መሐል የሚሾም ይኖራል። አምና የመረጥነው የምግብ ቤት ኮሚቴ «ከሰልፍ አንወጣም» ብሎ ምሎልን፣ በሁለተኛው ወር በጓዳ በር ይገባ ነበር። ስንጠይቀው «ለእናንተው ስንሠራ ጊዜ አጥተን ነው» አለን። ሳቅን፤ ግን ማንም በሩን አልዘጋውም፤ ማውረጃ መንገድም አላበጀንም ነበር።

ስለዚህ ተመራጭ ቆሞ ሲናገር «ምን ታምናለህ?» ማለት ብቻ አይበቃም። «ብትሳሳት ማን ያወርድሃል? የሚቃወምህስ የት ቆሞ ይናገራል?» እንበለው። ዋናው ደግሞ ጠላታችን ላይ የሚወጣ ሕግ ሲመጣ እጃችንን ከማንሣታችን በፊት አኮ አጄን እናስታውስ።