እንከን የሌለበት ባለታሪክ ስለ ምን አይወደድም?

የአማርኛ ልብ ወለድ መታተም ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ብዙዎቹ ደራስያን አንድ ምኞት ነበራቸው፤ ይኸውም አንባቢው መጽሐፉን አንብቦ ሲዘጋው ከቀድሞው የተሻለ ሰው ሆኖ እንዲነሣ ነው። ለዚህ ምኞት የመረጡት መንገድም የቀና መስሎ ይታይ ነበር። መልካሙን ሰው ሥሎ ማሳየት፥ የቀረውን ለተመልካቹ ኅሊና መተው ነው። ነገር ግን የአንባቢው ልብ በተጠረገለት መንገድ ብቻ አልሄደም። ምግባሩ የተሟላውን ባለታሪክ አመስግኖ ከመደርደሪያው ላይ ሲያስቀምጠው፥ የሚቈጣውን፥ የሚሳሳተውንና የሚጸጸተውን ግን ወደ ልቡ አስገባው። ይህ ስለ ምን እንደ ሆነ ከራሳችን የሥነ ጽሑፍ ታሪክ እየጠቀስን ጥቂት ለመናገር አስበናል።

የአማርኛ ልብ ወለድ መጀመሪያ ተብሎ የሚቈጠረው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ታተመ። ኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው ይህ ታሪክ መንትያ ስለ ሆኑት ስለ ዋሕድና ስለ ጦቢያ ይናገራል። አባታቸው በጦርነት ተማርኮ ሳለ አንድ ቸር ነጋዴ ዋጋውን ከፍሎ ያስለቅቀዋል፤ ልጁ ዋሕድም ያን ውለታ ለመመለስ ሲወጣ ብዙ መከራ ያገኘዋል። ሁለቱም ልጆች መልካቸው ያማረ፥ ጠባያቸው የታረመ ነው። መከራው ግን ሁልጊዜ ከውጭ ይመጣባቸዋል እንጂ ከገዛ ልባቸው አይነሣም።

ከዚያ በኋላ በ1925 ዓ.ም. ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «አዲስ ዓለም» የተባለውን መጽሐፍ አወጡ። ባለታሪኩ አወቀ ወደ ፈረንሳይ አገር ሄዶ፥ ትምህርት ተምሮ፥ ወደ አገሩ ሲመለስ ስለ ተዝካር ድግስና ስለ ጋብቻ ልማድ ከዘመዶቹ ጋር ይከራከራል። በ1941 ዓ.ም. ደግሞ የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» ታተመ፤ እርሱም በውጭ አገር ተምሮ አገሩን ለማገልገል የተመለሰ፥ በጠላት ወረራ ዘመንም በአርበኝነት የተሰለፈ ወጣት ነው። የሁለቱ ባለታሪኮች ስም ራሱ ምን ሊያስተምሩን እንደ መጡ አስቀድሞ ይነግረናል፤ አንዱ ያወቀ፥ ሁለተኛው አርአያ የሚሆን ነው።

እነዚህን ሥራዎች ለማቃለል ይህን አላነሣንም። በ1925 ዓ.ም. ስለ ተዝካር ወጪ ወይም ሕፃናትን ስለ መዳር በግልጥ መከራከር ቀላል አልነበረም፤ ልብ ወለድ እንደ መማክርት ሸንጎ ሆኖ ማገልገል ነበረበት። በሸንጎ የሚቆም ጠበቃም የራሱን ድካም አያወራም። ስለዚህ አወቀ ያለ ነውር መፈጠሩ ደራሲው የሰውን ጠባይ ካለማወቃቸው የመጣ አይመስለንም፤ ጉዳዩ ስለ ከበዳቸው ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ራሳቸው አገራቸው ተወርሮ በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ በስደት በእንግሊዝ አገር ዐረፉ። በዚያ የስደት ኀዘን ላይ ሆነው አወቀን እንደገና ቢጽፉት ኖሮ ምን ዓይነት ሰው ይሆን ነበር ብለን አንዳንድ ጊዜ እናስባለን።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ወገን እንመልከት። «አርአያ»ን የጻፈው ብዕር በ1942 ዓ.ም. «ቴዎድሮስ» የተባለውን ታሪካዊ ድራማ አቀረበ። ከዚያም ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ እንባ»ን፥ አቤ ጉበኛ በ1961 ዓ.ም. «አንድ ለናቱ»ን ጻፉ። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በዚሁ ንጉሥ ላይ ተውኔት ደረሰ። ደራስያንን እንዲህ የሳበ ሌላ ኢትዮጵያዊ ንጉሥ እምብዛም አናገኝም። ይሁን እንጂ አፄ ቴዎድሮስ ነውር የሌለባቸው ሰው አልነበሩም። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውድ ጭነው የተከፋፈለችውን አገር አንድ ለማድረግ ተነሡ፤ በጋፋት መድፍ አሠሩ። በ1859 ዓ.ም. ግን ጎንደርን ከነአብያተ ክርስቲያናቷ አቃጠሉ። ከመሞታቸው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎም በመቅደላ ብዙ እስረኞች ከገደል ተወረወሩ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጃቸውን ለእንግሊዝ ጦር ከመስጠት ይልቅ የገዛ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ተመልካቹ በመድረክ ላይ ይህን ሰው ሲያይ ልቡ የሚነካው ስለ ምንድር ነው? ታላቅ ሐሳብና ታላቅ ቍጣ በአንድ ደረት ውስጥ ሲታገሉ ስለሚያይ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ተመልክተው «ሕዝቡ ክፉን ስለሚወድ መልካሙን ይጠላል» ይላሉ። እኛ ግን በዚህ ፍርድ አንስማማም፤ ከድሮ ዘመን የወረስነው ሃይማኖታዊ ጽሑፍም ይህን ያፈርሰዋል። በአገራችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ፊደል የለየ ልጅ የሚደግመው መዝሙረ ዳዊት ነው። ዳዊት ግን የኦርዮንን ሚስት ወስዶ ኦርዮንን በጦር ሜዳ ያስገደለ ንጉሥ ነው፤ ሕዝቡ በየማለዳው የሚደግመውም በዚሁ በደል የተጸጸተበትን ጸሎት ጭምር ነው። ደግሞም በተአምረ ማርያም የተጻፈውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ የማያውቅ ማን አለ? ሰባ ስምንት ሰው የበላው ያ ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድኻ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ምክንያት ምሕረት አገኘ። ሕዝቡ ይህን ታሪክ ሲወድ ሰው መብላትን መውደዱ አይደለም፤ የወደደው ጥርኝ ውኃውን ነው። ውኃው የከበደውም በሌላው የሚዛን ወገን ብዙ ኃጢአት ስለ ነበረ ነው። ከሚዛኑ በአንዱ ወገን ምንም ባይኖር ኖሮ ግን መመዘን ባላስፈለገም ነበር።

የሌላውም ዓለም ሊቃውንት ይህን አስተውለዋል። አርስጣጣሊስ ስለ ቅኔ በጻፈው መጽሐፍ፥ ለአሳዛኝ ድራማ የሚስማማው ሰው እጅግ ጻድቅም እጅግ ክፉም ያልሆነ፥ በአንድ ስሕተት ምክንያት የሚወድቅ ሰው መሆኑን ያስረዳል። እንግሊዛዊው ሪቻርድሰን «ክላሪሳ» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ የሣለውን ክፉ ጎልማሳ ላቭሌስን አንባብያን ስለ ወደዱበት፥ ነውር የሌለበት ጨዋ ሰው ላሳያቸው ብሎ እ.ኤ.አ. በ1753 ዓ.ም. «ሰር ቻርልስ ግራንዲሰን»ን ማሳተም ጀመረ፤ ሆኖም በኋለኛው ዘመን ይበልጥ የሚነበበው ያው «ክላሪሳ» ነው። ሩሲያዊው ዶስቶየቭስኪም «ደንቆሮው» የተባለውን ልብ ወለድ ሲጽፍ እ.ኤ.አ. በ1868 ዓ.ም. በላከው ደብዳቤ፥ ፍጹም መልካም ሰው ከመሣል የሚከብድ ሥራ እንደሌለ ገልጧል። ዶን ኪሆቴ የሚወደደው መልካምነቱ ከሚያስቅ ጠባይ ጋር ስለ ተዋሐደ መሆኑንም አስተውሏል።

እንግዲህ ምክንያቱን በሦስት ከፍለን ልናየው እንችላለን። መጀመሪያ፥ ፈተና የሌለበት ምግባር ዋጋው አይታወቅም፤ ያልተራበ ሰው መጾሙን ማን ያደንቅለታል? ሁለተኛ፥ ፍጹሙ ባለታሪክ የሚያደርገውን ሁሉ አስቀድመን ስለምናውቅ ገጹን ለመግለጥ የሚያስቸኩለን ነገር የለም። ሦስተኛውና ዋነኛው ግን፥ አንባቢው ራሱን የሚያገባበት በር ማጣቱ ነው። «ከሰው ስሕተት ከብረት ዝገት አይታጣም» ብሎ ያደገ ሰው፥ ዝገት የሌለበት ብረት ሲያሳዩት ብረት መሆኑን ይጠራጠራል። አለዚያም የገዛ ድካሙ የተወቀሰ መስሎት ያኰርፋል።

ይህን በሚገባ ያወቀ ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህ የተማረና ቅን ነው፤ ነገር ግን ይፈራል፥ ይሸሻል፥ እናቱ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ስለትም እንደ ዕዳ ይከተለዋል። ፊታውራሪ መሸሻ በዘራቸው የሚኮሩ ግፈኛ ሲሆኑ፥ ሞኝነታቸው እያሳቀን እናዝንላቸዋለን። ጉዱ ካሣ ግን ለክርክራችን ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅም ነው፤ ምክንያቱም የሚናገረው ሁሉ እውነት ሲሆን ሳለ አንባቢው ይወደዋል። ይህስ እንዴት ሆነ? እውነቱን የሚናገረው በርካሽ አይደለምና። ካሣ የተባለው ስሙ «ጉዱ» ተብሎበታል፤ ከወገኖቹም እንደ እብድ ተቈጥሮ ተለይቷል። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ሲተርከው፥ ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ሳይቀር ይህን ሰው ወዳጁ አደረገው። ስለዚህ መልካም ሰው አይወደድም ማለት ሐሰት ነው፤ የማይወደደው ያለ ዋጋ መልካም የሆነ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ነውር ያለበትን ባለታሪክ መውደዳችን ነውሩን ወደ ማመካኘት ሊወስደን አይገባም። ቴዎድሮስን ስናደንቅ ከመቅደላ ገደል የተወረወሩትን እስረኞች የምንረሳ ከሆነ፥ ድርሰቱ ልባችንን አላሰፋውም፤ ዐይናችንን ጋረደው እንጂ። እነዚያም ሰዎች እናት ነበራቸው። ዳዊትን የምንወደው ኦርዮንን ስላስገደለ ሳይሆን ነቢዩ ናታን ፊት ለፊት ሲወቅሰው «በድያለሁ» ስላለ ነው። ደራሲ ኃጢአቱን ጽፎ ናታንን ካስቀረ የታሪኩን ግማሽ ሰርቆናል።

በአዲስ አበባ ምዕራብ በኮልፌ ቀራንዮ ሳንሱሲ የሚባል ሰፈር አለ። ይህ ድምፅ በፈረንሳይኛ ሲሰማ ያለ ሐሳብ፥ ያለ ጭንቀት ማለት ነው። የፕሩሲያ ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክም በፖትስዳም ላሠራው ቤተ መንግሥት ይህንኑ ስም ሰጥቶት ነበር፤ ቤቱ በተሠራ በዐሥር ዓመት ውስጥ ግን ለሰባት ዓመት በቆየ ጦርነት ውስጥ ገባ። በእኛው ሳንሱሲም ማለዳ ተነሥቶ ወደ ሥራው የሚሄደው ሰው የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ያሳስበዋል እንጂ ስሙ እንደሚለው ያለ ሐሳብ አይኖርም። ፍጹሙ ባለታሪክ ግን በእውነት ያለ ሐሳብ ይኖራል፤ ጎረቤታችን ሊሆን ያልቻለውም ስለዚህ ነው።

ስለዚህ በትምህርት ቤት ልጆችን የምታስተምሩ ሆይ፥ ለተማሪው ምሳሌ የሚሆን ሰው ስትመርጡለት የወደቀበትን ቦታ ደብቃችሁ አትስጡት። ልጁ ነገ ሲሳሳት የሚያስታውሰው ያልወደቀውን ሰው አይደለም፤ ወድቆ የተነሣውን ነው።