እሷን ማን ጠየቃት?

«ትግል» የሚለው ቃል በተማሪ አፍ ሲነገር ክብደቱ ሌላ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር በእንግሊዝኛ ያሳትመው የነበረው ጋዜጣ ስሙ ሲተረጐም «ትግል» ነበር። ዋለልኝ መኮንን በ1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈውም እዚያ ላይ ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ሌላውን ትግል ነው፤ አንገት ለአንገት ተያይዞ መሬት ላይ መውደቁን፣ ያውም ሴቶች የሚታገሉትን። አትሳቁ! ዞሮ ዞሮ ነገሩ ወደ ግቢያችን ይመለሳል።

የተጀመረው ላፍቶ፣ አክስቴ ቤት ነው። ታናሽ እኅቴ «ግሎው» የሚባል የአሜሪካ ተከታታይ ኮሜዲ ከጓደኛዋ በፍላሽ አምጥታ ከፈተች። ኔትፍሊክስ ከ2017 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. በሦስት ምዕራፍ ያሳየው፣ ሠላሳ ክፍል ያለው ነው። «የሴት ድብድብ ደግሞ ምኑ ይታያል?» አልኩና ሽንኩርት ከምትከትፈው አክስቴ አጠገብ ጋደም አልኩ። ሦስት ክፍል እስኪያልቅ ድረስ ግን አልተነሣሁም።

ታሪኩ መሠረት አለው። በ1986 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ማክሌን የተባለ ሰው «ውብ የትግል እመቤቶች» እንደ ማለት የሆነ የቴሌቪዥን ዝግጅት አቋቁሞ ነበር። ላስ ቬጋስ፣ ሪቪዬራ ሆቴል ውስጥ እየተቀረጸ እስከ 1990 ዘለቀ። ከሴቶቹ ብዙዎቹ ትግል የማያውቁ፣ ተዋናይት ለመሆን የመጡ ነበሩ፤ ማንዶ ጌሬሮ የሚባል የትግል ሰው አሠለጠናቸው። በእንዲህ ዓይነቱ ትግል አሸናፊዋ አስቀድማ የተወሰነች ናት። «እንግዲያውስ ውሸት ነው» ትሉ ይሆናል። መውደቁ ግን ውሸት አይደለም። አገጭን ወደ ደረት ማስጠጋት፣ ትንፋሽን መልቀቅ፣ በጀርባ ተዘርግቶ ማረፍ ያስፈልጋል። ተጣይዋ ራሷ ካልዘለለች ጣይዋ አታነሣትም። ሁለቱ ጠላት መስለው አንዷ የሌላዋን አንገት ትጠብቃለች።

ፊልሙም የቆመው በዚህ ላይ ነው። ሩትና ዴቢ ጓደኛሞች ነበሩ፤ ሩት ከዴቢ ባል ጋር ተኝታ ተጣሉ። አሁን እንጀራቸው አብሮ መውደቅ ሆነ። በሁለተኛው ምዕራፍ ዴቢ ቂሟን ይዛ መድረክ ላይ ስትወጣ የሩትን እግር ትሰብራለች። አክስቴ ቢላዋዋን አስቀምጣ «ወይኔ ልጄን!» አለች።

የሩት ሚና የሶቪየቷ ክፉ ሴት ዞያ ናት፤ ዴቢ ደግሞ የአሜሪካን ባንዲራ የለበሰች ጀግና። ዘመኑ 1985 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኛ ዘንድ የሌኒን ሐውልት ቆሞ የነበረበት ጊዜ። አክስቴ ግራ ገባት። «ሩሲያዋ ምን አጠፋች? የሰፈራችን ልጅ እኮ ሞስኮ ነው የተማረው» አለች። እዚያ ክፉዋ ሩሲያ፣ እዚህ ክፉው ኢምፔሪያሊዝም ነበር። ጭምብሉን የሚያድለው ዘመኑ ነው፤ ተጫዋቹ የተሰጠውን ያጠልቃል።

ከሁሉ የከበደውን ጭምብል ያጠለቀችው ታሜ የምትባለው ጥቁር ሴት ናት። የምትጫወተው በመንግሥት ድጎማ ተንደላቃ ትኖራለች የምትባለዋን ሴት ነው፤ ሮናልድ ሬገን በ1976ቱ የምርጫ ዘመቻው ሲያወራው የነበረውን ዓይነት ተረት። አንድ ቀን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነው ልጅዋ ሊያያት ይመጣል። ሕዝቡ «ሥራ ፈልጊ!» እያለ ይጮኽባታል፤ እሷም ታለቅሳለች። ቤቱ ጸጥ አለ። እኅቴ ዞር ብላ፣ «አንተ ብትሆን ጎትተህ ታወርዳት ነበር» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እኅቴ ቴኳንዶ ትሠራለች። አምና በሰፈር ለሕዝብ ትርኢት ሊያሳዩ ሲሉ «ሰው ይስቅብሻል» ብዬ ያስቀረኋት እኔ ነኝ።

ያን ሌሊት ስለ ግቢያችን ያነበብኩት ትዝ አለኝ። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ፣ ራስ መኮንን አዳራሽ ውስጥ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጀ። ልብሱን ለብሰው የሚያሳዩት ሴት ተማሪዎች ነበሩ። ሌሎች ተማሪዎች ትርኢቱን የባዕድ ባህል ወረራ ነው ብለው ተቃወሙ፤ ስድብና እንቁላል ተወረወረ፤ ፖሊስ ገባ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ተቃዋሚዎቹ ምክንያት አልነበራቸውም አልልም። በየካቲት 1957 «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው ተማሪ፣ ገበሬው እየተራበ የውጭ ፋሽን ሲታይ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ነገር ግን ኢምፔሪያሊዝም በአዳራሹ በር አላለፈም፤ ያለፉት ሰዎች ናቸው። ልብሱን ሊያሳዩ የነበሩት ሴቶችስ? አንዱ ወገን አለባብሶ ሊያወጣቸው፣ ሌላው ወገን ከውርደት ሊያድናቸው ተነሣ። እነሱን ማን ጠየቃቸው? ደግሞ አልዋሽም፤ ያኔ ብኖር ኖሮ እንቁላሉን ይዤ ከቆሙት አንዱ እሆን ነበር።

መድረክ ሁሉ ነፃነት ነው ማለቴ አይደለም። ፊልሙም እንዲህ አይልም። ዴቢ በኋላ ታግላ ከአዘጋጆቹ አንዷ የሆነችው፣ የሚወድቁት ሴቶች ሆነው የሚወስኑት ወንዶች እንደ ሆኑ ስላየች ነው። ስለዚህ ማን ይወስናል፣ ገንዘቡንስ ማን ይወስዳል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ግን ጥያቄው መጀመሪያ የምትወድቀዋ ዘንድ ይድረስ። ይህን የዘለለ «ትግል» ያው ሌላ ጭምብል ማደል ነው።

አራተኛው ምዕራፍ መቀረጽ ከጀመረ በኋላ በ2020 እ.ኤ.አ. በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። አክስቴ እስካሁን «ኧረ ለመሆኑ ሁለቱ ከልባቸው ታረቁ?» እያለች ትጠይቀኛለች። ምን ልበላት?

እኅቴን ግን ጠየቅኋት፤ ዘግይቼም ቢሆን። «ትርኢቱን ለምን ፈለግሽው?» አልኳት። «ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነገር ነው፤ እንዲታይልኝ» አለች። ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። በሚቀጥለው ወር ሌላ ትርኢት አለ።

«ልምጣ?» አልኳት።

«ና፤ ግን ከኋላ ነው የምትቀመጠው» አለች።

አክስቴ ከማጀት ሆና «እኔስ ከፊት ነኝ!» አለች።