ደጋውና ጠረፉ፦ የቀይ ባሕር ዳርቻ የአየር ጠባይ በጎንደር ታሪክ ውስጥ

በጎንደር ከተማ ፒያሳ የሚመላለስ ተማሪ የሰፈሩ ስም ራሱ ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑን ልብ ላይለው ይችላል። ከእ.ኤ.አ. 1936 እስከ 1941 ጣሊያኖች ይህን ሰፈር ሲሠሩ፣ በደባርቅና በሊማሊሞ አድርጎ ወደ አሥመራና ወደ ምፅዋ የሚያደርሰውን የመኪና መንገድም አበጅተዋል። ጎንደር ከቀይ ባሕር ጋር የነበራት ግንኙነት ግን ከዚህ መንገድ በብዙ ዘመን የሚቀድም ነው።

ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁሩ ምፅዋ በኦቶማን ቱርኮች እጅ ከገባች ሰማንያ ዓመት ሊሞላት ተቃርቦ ነበር፤ የተያዘችው በ1557 ነውና። ንጉሡ የካቶሊክ ቀሳውስት ወደ አገር እንዳይገቡ ከምፅዋው ፓሻ ጋር መስማማታቸው የታወቀ ነው። ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ፣ በግፍ የተሸጡ ባሮችም ጭምር በዚሁ በር ይወጡ ነበር፤ ልዩ ልዩ ጨርቃ ጨርቅም ይገባ ነበር።

ይህን ንግድ ይመራው የነበረው የገዥዎች ፈቃድ ብቻ ሳይሆን የአየር ጠባይም ጭምር ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። በምፅዋ ግን የዓመቱ ዝናብ ከ200 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ አማካይ ሙቀቱም ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። ከሁሉ ይልቅ ሊጤን የሚገባው፣ በጠረፉ ዝናብ የሚጥለው ደጋው በጋ በሚሆንበት በኅዳርና በየካቲት መካከል መሆኑ ነው።

ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው። በክረምት ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው እርጥብ ነፋስ ዝናቡን በደጋው ላይ ካራገፈ በኋላ ወደ ባሕሩ ሲያቆለቁል ይሞቃል፤ ይደርቃልም። በበጋ ደግሞ ከባሕሩ ላይ እርጥበት የሚሸከም ነፋስ በዳርቻውና በምሥራቁ ተዳፋት ላይ ያዘንባል። ወደ ቀይ ባሕር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ ባለመኖሩና ትነቱ ብዙ በመሆኑ ውሃው እጅግ ጨዋማ ነው። ደለል ስለማያደፈርሰውም ኮራል በሰፊው ይበቅልበታል፤ የጥንቷ ምፅዋ ቤቶች የተገነቡት በዚሁ በኮራል ድንጋይ ነው። የሚጠጣ ውሃ ግን በደሴቲቱ ላይ ስለማይገኝ ከየብስ ይመጣ ነበር፤ በዳህላክ ደሴቶችም የዝናብ ውሃ በድንጋይ ተፈልፍለው በተሠሩ ጉድጓዶች ይጠራቀም ነበር።

እንግዲህ የጎንደር ሲራራ ነጋዴ መቼ ይነሣ? በክረምት ተከዜ ይሞላል፤ ጠረፉም በሐሩር ይነዳል። በኅዳርና በየካቲት መካከል ግን ወንዙ ይጎድላል፤ ቆላው ይበርዳል፤ በዳርቻውም ለከብት የሚሆን ሣር ይበቅላል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በመስከረም 1769 እ.ኤ.አ. ምፅዋ ወርዶ፣ በሕርጊጎው ናይብ ምክንያት ከቆየ በኋላ፣ በኅዳር ተነሥቶ በየካቲት 1770 ጎንደር መድረሱ ከዚሁ ወቅት ጋር የሚስማማ ነው።

ከእ.ኤ.አ. 1993 ጀምሮ ይህ ጠረፍ የነፃዪቱ ኤርትራ ግዛት ነው። ይሁን እንጂ የድንበር መለወጥ ታሪኩን ከትምህርት ሊያወጣው አይገባም። ባሕር አይቶ የማያውቅ የደጋ ልጅ ክረምት በየትም ስፍራ በአንድ ጊዜ የሚመጣ ሊመስለው ይችላል፤ የአባቶቹንም ጉዞ የነገሥታት ትእዛዝ ብቻ አድርጎ ይረዳዋል። ስለዚህ መምህሩ የጎንደርንና የምፅዋን የወር በወር ዝናብ በሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን አስነድፎ፣ ቅፍለቱ የሚነሣበትን ወር ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲወስኑ ቢያደርግ፣ ጂኦግራፊና ታሪክ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይገናኛሉ። ለዚህም ከጠመኔና ከሰሌዳ በቀር የሚያስፈልግ መሣሪያ የለም።