ከል የለበሰው ነጠላና “ኮንጎ” የተባለው ቀለም

በ1983 ዓ.ም. የአጎቴ መርዶ ቤታችን ሲገባ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። በማግስቱ እናቴ ከገበያ በወረቀት የተጠቀለለ ጥቁር ዱቄት አስገዛች፤ በትልቁ ብረት ድስት ውሃ አፍልታ ዱቄቱንና አንድ እፍኝ ጨው ጨመረች፤ ነጭ ነጠላዋንና ሰማያዊ ቀሚሷን ነክራም በእንጨት ታማስል ጀመር። ከል መልበስ ግድ ነው፤ አዲስ ጥቁር ልብስ ለመግዛት ግን አቅም አልነበረም። ጥፍሮቿ ለሳምንታት ጠቁረው ቆዩ።

ዛሬ በሰው አገር በምህንድስና ሙያ የምተዳደር ሰው ነኝ። የዚያ ጨው ምስጢር የገባኝ ግን ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ጥጥም ቀለሙም ውሃ ውስጥ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስለሚይዙ ይገፋፋሉ፤ ጨው መገፋፋቱን አብርዶ ቀለሙ ወደ ክሩ እንዲጠጋ ያደርጋል። እናቴ ኬሚስትሪ ሳትማር ኬሚስትሪውን ታውቀው ነበር ማለት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ያ ዱቄት ከየት መጣ ብንል ታሪኩ ሩቅ ይወስደናል። እ.ኤ.አ. በ1856 ዊሊያም ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት ወጣት ለንደን ውስጥ የወባ መድኃኒቱን ኪኒን ለመሥራት ሲሞክር ሳያስበው ሐምራዊ ቀለም አገኘ። የሰው ሠራሽ ቀለም ኢንዱስትሪ የተወለደው በዚህ አጋጣሚ ነው። ይሁን እንጂ እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ቀለሞች ለሐርና ለሱፍ እንጂ ለጥጥ አይመቹም ነበር። ጥጥ አስቀድሞ ቀለም በሚያስይዝ ሌላ ንጥረ ነገር መነከር ነበረበት። ይህን የለወጠው እ.ኤ.አ. በ1884 ጀርመናዊው ፓውል ቦቲገር የባለቤትነት መብት ያወጣበት ቀይ ቀለም ነው፤ በፈላ ውሃ ብቻ ጥጥን ይይዛል። ቤት ውስጥ በድስት ልብስ ማቅለም ለማንም ቀላል የሆነው ከዚህ ወዲህ ነው።

ስሙን ልብ በሉ። በዚያው ወቅት የአውሮፓ መንግሥታት በርሊን ላይ ተሰብስበው ስለ አፍሪካ ቅርምት ይነጋገሩ ነበር። የኮንጎ ስም በየጋዜጣው ስለነበር አግፋ የተባለው ፋብሪካ ቀለሙን “ኮንጎ ቀይ” ብሎ ሸጠው። ኮንጎ ግን በቀለሙ ውስጥ ቅንጣት ድርሻ አልነበራትም፤ ስሟ ብቻ ተሸጠ።

ከዚህ የከፋም አለ። ኮንጎ ቀይና እሱን ተከትለው የመጡ በርካታ ጥቁር ቀለሞች የሚሠሩት ከቤንዚዲን ነው፤ ቤንዚዲን ደግሞ የፊኛ ካንሰር እንደሚያመጣ ተረጋግጧል። የአውሮፓ ኅብረት እንዲህ ዓይነት ንጥረ ነገር የሚለቁ ቀለሞች ከቆዳ ጋር በሚነካኩ ልብሶች ላይ እንዳይውሉ እ.ኤ.አ. በ2002 ከልክሏል። እናቴ በባዶ እጇ ያማሰለችው ዱቄት ምን እንደነበረ የሚናገር አንድም ጽሑፍ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ደግነቱ እናቴ ዛሬም ጤነኛ ናት። ይሁንና ሳይነገራቸው እጃቸውን የነከሩ እናቶች ስንት ናቸው?

ዓመቱ ሞልቶ ሐዘኑ ሲወጣ እናቴ ነጠላውን ወደ ነጭነቱ ልትመልሰው በረኪና ውስጥ ዘፈዘፈችው። ዝገት መሰለ። ቀለም በቀለም ላይ ይደረባል እንጂ የበፊቱን አያጠፋም፤ በረኪናም ቀለሙን ሲሰብር ክሩን አብሮ ይበላል። ስለዚህ ቤታችሁ ልብስ የምታቀልሙ ወገኖቼ፣ መለያ የሌለው ዱቄት አትግዙ፣ ጓንት አድርጉ፣ የምግብ ድስት አትጠቀሙ።

እናቴ ያን ነጠላ አልጣለችውም። ዛሬም ሳጥኗ ውስጥ አለ፤ የወንድሟ ነውና።