ሰነዱ በማን እጅ ነው? በ2005 ከካልጋሪ የተላለፈ ውሳኔ

በግንቦት ወር 2005 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከካናዳዋ ካልጋሪ የሚመራው የዩኒክስ ዝርያ ስርዓተ ክወና፣ ኦፕንቢኤስዲ፣ 3.7 የተባለውን እትሙን አወጣ። እትሙ ከተለመዱት ማሻሻያዎች ጋር አንድ ያልተለመደ ቅነሳ ይዞ ነበር። የአሜሪካው አዳፕቴክ ኩባንያ የሚያመርታቸውን የሬይድ ካርዶች የሚያንቀሳቅሰው «ኤኤሲ» የተሰኘ ድራይቨር ከመደበኛው ከርነል እንዲወጣ ተደርጓል። ዋና ዲስኮቹን በእንዲህ ያለ ካርድ ላይ ያሰረ የሰርቨር ኃላፊ ይህን ሳያስተውል ወደ አዲሱ እትም ቢሻገር ማሽኑ አይነሳለትም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰርቨር ሲበራ ቀድሞ የሚሠራው ባዮስ ነው፤ ባዮስ ቡት ሎደሩን ይጠራል፤ ቡት ሎደሩም ከርነሉን ከዲስክ አንብቦ ወደ ሜሞሪ ይጭናል። እስከዚህ ድረስ ዲስኩ የሚነበበው በባዮስ አማካይነት ስለሆነ ችግር አይታይም። ከርነሉ ሥራ ሲጀምር ግን የማሽኑን አካላት በራሱ ድራይቨሮች አንድ በአንድ ይለያል። ለካርዱ ድራይቨር ከሌለው ካርዱን አልፎት ይሄዳል፤ ከካርዱ ጀርባ ያሉት ዲስኮችም ለእርሱ እንደሌሉ ይቆጠራሉ። ከዚያ ዲስክ የመጣው ከርነል የመጣበትን ዲስክ ማግኘት ያቅተዋል።

ለእንዲህ ያለው ብልሽት የዩኒክስ ባለሙያዎች የቆየ ሥርዓት አላቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ «መጨረሻ ላይ የተለወጠው ምንድን ነው?» የሚል ነው። አሮጌው ከርነል በሌላ ስም ተቀምጦ ከሆነ በቡት ሎደሩ መጠየቂያ ላይ ስሙን ጽፎ በእርሱ ማስነሳት ይቻላል። አሮጌ ከርነል ከአዲሶቹ ፕሮግራሞች ጋር ለዘለቄታው ስለማይስማማ ግን ይህ መሻገሪያ እንጂ መኖሪያ አይደለም። ችግሩ የተቀነሰ ሳይሆን የተጨመረ ድራይቨር ከሆነ ኦፕንቢኤስዲ ከርነሉ ገና ሲነሳ ያንን ድራይቨር ብቻ ለይቶ የማጥፋት አማራጭ ይሰጣል። ሁሉም ካልሆነ በቀደመው እትም ሲዲ ማስነሳት ይቀራል። የኤኤሲ ምንጭ ኮድም ከመደበኛው ከርነል ወጣ እንጂ አልተሰረዘም፤ የሚችል ሰው መልሶ አካቶ የራሱን ከርነል መገንባት ይችል ነበር። እነዚህ መፍትሔዎች ሁሉ የሚሠሩት ኮዱ በተጠቃሚው እጅ ስላለ ነው። በተጠቃሚው እጅ ያልነበረው የካርዱ ቴክኒካዊ ሰነድ ነበር።

ውዝግቡም የተነሳው ከዚሁ ነው። የፕሮጀክቱ መሪ ቴኦ ደ ራት በደቡብ አፍሪካ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ካልጋሪ የመጣ፣ በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረ ባለሙያ ነው። ኦፕንቢኤስዲን በ1995 የመሠረተው ከኔትቢኤስዲ ከተለየ በኋላ ነበር። መቀመጫው ካናዳ መሆኑ ሶፍትዌሩ በወቅቱ አሜሪካ በምስጠራ ቴክኖሎጂ ላይ ከጣለችው የወጪ ንግድ ገደብ ነጻ እንዲሆን ረድቷል። ፕሮጀክቱ አዳፕቴክን የጠየቀው የካርዱን አሠራር የሚገልጽ ሰነድ ብቻ ነበር፤ ሰነዱ ግን አልመጣም። የሬይድ ዓላማ አንዱ ዲስክ ሲሞት ሌላው ሥራውን እንዲሸከም ነው። የአንዱን ሞት ስርዓተ ክወናው ማወቅ ካልቻለ ግን ኃላፊው የሚነቃው ሁለተኛው ሲሞት ነው። አልሚዎቹ የማያውቁትን ነገር «ይሠራል» ብለው ከማቅረብ ማውጣቱን መረጡ።

የውሳኔውን ዋጋ ማን ከፈለ የሚለው ጥያቄ በቀላሉ መታለፍ የለበትም። ኩባንያው ካርዱን አስቀድሞ ሸጧል፤ የተጎዳው ገዝቶ የጨረሰው ተጠቃሚ ነው። የኦፕንቢኤስዲ ገበያ ትንሽ በመሆኑ ቅጣቱ በሻጩ ላይ የከበደ አልነበረም። ሆኖም ውሳኔው ለቀጣዩ ገዢ ግልጽ ምልክት ሰጠ። በዚያው ዓመት ኅዳር የወጣው 3.8 እትም «ባዮሲቲኤል» የተባለ የሬይድ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ይዞ መጣ፤ በመጀመሪያ ያገለገለውም የሌላ አምራች ካርዶችን ነበር። ነጻነቱም ወጪ አለው፦ ፕሮጀክቱ በጥር 2014 የሰርቨሮቹን 20,000 ዶላር ገደማ የኤሌክትሪክ ሂሳብ መክፈል ስላቃተው ለጋሾችን በአደባባይ ለመለመን ተገድዷል።

በምጣኔ ሀብት ዓይን ሲታይ ጉዳዩ የመደራደር አቅም ጊዜ ጉዳይ ነው። ገዢ ከሻጭ እኩል ቆሞ የሚነጋገረው ከመግዛቱ በፊት ነው፤ ከገዛ በኋላ የመለወጫው ዋጋ በየዓመቱ ስለሚጨምር ድምፁ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህ ስሌት ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። የኢትዮ ቴሌኮም መሠረተ ልማት በአብዛኛው የተዘረጋው በሁዋዌና በዜድቲኢ ነው፤ በ2021 ሥራ የጀመረው ቴሌብርም በሁዋዌ መድረክ ላይ የቆመ ነው። በአንጻሩ የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ሞሲፕ በተባለ፣ በሕንድ ባንጋሎር በተጀመረ ክፍት ምንጭ መድረክ ላይ ተገንብቷል። ይህ ጥሩ ጅምር ነው። የላይኛው ፕሮግራም ክፍት መሆኑ ግን ከሥሩ ያሉት ካርዶች፣ የጣት አሻራ መሣሪያዎችና ድራይቨሮቻቸው ክፍት መሆናቸውን አያረጋግጥም። የካልጋሪው ሰርቨር ያልተነሳው ሙሉ ስርዓተ ክወናው ክፍት ሆኖ ሳለ በአንድ ዝግ ካርድ ምክንያት ነበር።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል። በውጭ የሚኖሩ ባለሙያዎች በአገር ቤት የቴክኖሎጂ ግዢ ላይ እንዲያማክሩ ሲጋበዙ ውይይቱ ብዙ ጊዜ በዋጋና በፍጥነት ዙሪያ ይሽከረከራል። ሦስት ጥያቄዎች ግን ከፊርማ በፊት መልስ ማግኘት አለባቸው። የመሣሪያው ሙሉ ቴክኒካዊ ሰነድ ለገዢው ይሰጣል ወይ? ሻጩ ድጋፉን ቢያቆም ሌላ ባለሙያ ድራይቨሩን መጠገን ይችላል ወይ? ማሻሻያ ተጭኖ ሥርዓቱ አልነሳ ቢል ወደ ቀድሞው የሚመለስበት መንገድ ተሞክሯል ወይ? ሦስቱም ከፊርማ በኋላ ሲጠየቁ መልሱን የሚወስነው ሻጩ ነው።