ቅልና ብርሌ፦ የመጠጥ ሥርዓት በደቡብ ምዕራብ የቡና ምድር

በከፋ፣ በሸካና በቤንች ደኖች ማር በብዛት የሚቆረጠው ክረምቱ ጠንክሮ ከመግባቱ አስቀድሞ ነው። የጌተም አበባ ነጭ ማር በሚያዝያና በግንቦት ይደርሳል፤ የብሳናው ይከተላል። እንግዲህ ዝናቡ መንገዱን ዘግቶ ጎረቤት በአንድ ምድጃ ዙሪያ በሚሰበሰብበት ወራት፣ ጠጅ የሚጣልበት ማር በእጅ አለ ማለት ነው። የመጠጡ ሥርዓትም የሚጀምረው ከደኑ ነበር። በሸካ «ኮቦ» በሚባለው የደን ይዞታ ቀፎ የሚሰቀልባቸው ዛፎች ባለቤታቸው ተለይቶ የታወቀ ነው። ቀፎው ከረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ ቆራጩ በሐረግ ተንጠላጥሎ ይወጣል። እንዲህ በነፍስ ተወራርዶ የመጣን ማር ማንም እንደ ዋዛ አይበትነውም።

ለዕለት ኑሮ የቀረበው ግን ቦርዴ ነው። ከበቆሎ፣ ከማሽላና ከመሳሰሉት እህሎች ይዘጋጃል፤ ጌሾ አይገባበትም፤ ገና እየፈላ በቅል ይጠጣል። ወፍራም ስለሆነ ገበሬው እንደ ምሳ ይቆጥረዋል። አዘገጃጀቱ አራት ቀን ያህል ይፈጃል፤ ከደረሰ በኋላ ግን ፈጥኖ ይኮመጥጣል። ይህ ጠባዩ ልጓም ሆኖት ኖሯል። አከማችቶ ለብቻ ለመጠጣት አይመችም፤ ደቦ ተጠርቶ፣ ሥራ ተሠርቶ፣ ብዙ ሆኖ መጨረስ ግድ ነው።

የጠጅ ታሪክ መራራ ነው። በ1889 ዓ.ም. በወልደ ጊዮርጊስ አቦዬ የተመራው የምኒልክ ጦር ወደ ከፋ ዘምቶ ያንን ጥንታዊ መንግሥት ከጣለ በኋላ የደኑ ማር የገባር ግብር ሆነ። ለራሱ ድግስ ያኖር የነበረው ሰው ማሩን በትከሻው ተሸክሞ ወደ ባለ ጠመንጃው ግቢ አደረሰ። መቼና ከማን ጋር እንደሚጠጣ የመወሰን መብቱም ከማሩ ጋር አብሮ ሄደ። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የባለ ርስቱንና የጭሰኛውን ግንኙነት እስኪሽር ድረስ የዚህ ሥርዓት ርዝራዥ አልጠፋም።

ከመኳንንቱ ግብር ቤት የወረደውን ሁሉ መናቅ ግን አይገባም። አሳላፊው ከሚቀዳው ጠጅ በመዳፉ አንጠብጥቦ ሳይቀምስ ለጌታው አያቀርብም ነበር። መነሻው የመርዝ ፍርሃት ቢሆንም የሚቀዳ ሰው ለሚቀዳው ነገር ተጠያቂ መሆኑን አስለምዷል። ከዚህም የሚበልጠው ብርዝ ነው። በውኃ የተበረዘ፣ ያልፈላ ማር ለማይጠጣው እንግዳ፣ ለሙስሊሙና ለሕፃኑ ስለሚቀርብ የማይጠጣው ሰው ከማዕዱ ሳይለይ፣ ሳያፍር ይቀመጣል። «አንዴ ብቻ ቅመስ» እያለ እንግዳውን የሚያስጨንቅ ጋባዥ ብርዝን የረሳ ጋባዥ ነው።

ሚዛኑን ያዛባው አረቄ ነው። ጠጅ በአልኮል መጠኑ ከመቶ 10 ብዙም አይርቅም፤ ዳግም አረቄ ግን ከ40 ያልፋል። አይኮመጥጥም፤ በመለኪያ ይቸረቸራል፤ ሽማግሌ ሳይመርቅበት ይጠጣል። በበበቃና በቴፒ ሰፋፊ የቡና እርሻዎች ከተከፈቱ ወዲህ ለለቀማ ከሩቅ የሚመጣው ሠራተኛ ዘመዱንና ሽማግሌውን በአገሩ ትቶ ነው የሚመጣው። የደመወዝ ቀን «ይበቃሃል» የሚለው የለም፤ የሳምንት ለቀማ በአንድ ማታ ሊያልቅ ይችላል። ነገሩን ለሰባኪ ብቻ መተው ደግሞ ቀላል አይደለም፤ አረቄ አውጥታ ልጆቿን የምታስተምር እናት በየከተማው አለችና።

የ2011 ዓ.ም. የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1112፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅም አግዷል። በ2015 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ከጉዳት ነፃ የሆነ የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። ሕጉ ሲጻፍ በሐሳብ የነበሩት የቢራ ፋብሪካዎች ይመስላሉ። የአረቄ ቤት ማስታወቂያ ግን በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ነው፤ ከመንገድ ዳር ቆሞ ያለ ሬዲዮ ይጣራል።